ከስሬ ነው የምሰጥሽ

አትርፎ የሸጠ ነጋዴ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም ከስሮ ነው የሚሸጠው። ከስሮ ቤት ይሠራል፣ ከስሮ ልጅ ይድራል፣ ከስሮ ይወፍራል። ኪሳራን ወደ ማዕረግ ከፍ ያደረጉት ግን በደርግ ጊዜ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት ክቡር ከሳሪ፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ ታቢታ ደንበኛቸው ነበረች። ገና ደጃፋቸውን ስትረግጥ ጋሽ ወልደጻድቅ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ ፖፕሊን ስንት ናት?»

«ለሌላ ሰው አምስት ብር፣ ለአንቺ አራት። ከስሬ ነው የምሰጥሽ።»

«ሦስት ያድርጉልኝ።»

«ልጆቼን በትኚያ! ነይ ውሰጂና በትኚያቸው!»

በሦስት ብር ከስሙኒ ይስማማሉ። ጨርቁን ጠቅልለው ሲያቀብሏትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከስሬ ነው፤ ለሰው እንዳትናገሪ» ይሏታል። ታቢታ በልቧ እየሳቀች ትወጣለች። ይህን ሳይሏት ቢቀሩ የተታለለች ይመስላት ነበር።

አንድ ክረምት፣ ተማሪው ሁሉ ቡናማ ዩኒፎርም ሊለብስ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ ወልደጻድቅ ከጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ቡናማ ካኪ አስጭነው ሱቁን እስከ ጣራው ሞሉት። መስከረም ሲጠባ የታዘዘው ሰማያዊ ሆነ። ያን ዓመት ሠፈሩ ቡናማ መጋረጃ ሰቀለ፣ ቡናማ ትራስ ተንተራሰ፤ ካኪው ግን አላልቅ አለ።

ታቢታ ነገሩ መበላሸቱን ያወቀችው አንድ ቀን «ንግድ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው ነው።

«ይመስገን፣ ጥሩ ነው» አሏት።

ደነገጠች። እኚህ ሰው ንግድ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

ለአበዳሪዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ጥሩ ነው ይላሉ፣ አይከፍሉም። በመጨረሻ አንደኛው፣ «ጥሩ ከሆነ ገንዘቡ የት ገባ? ዕቃ ደብቀዋል ማለት ነው፤ ይሄ አሻጥር ነው!» ብሎ በመናኸሪያው መሃል ጮኸ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ነጋዴ መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሱንም የሚያውቅ የለም።

አበዳሪዎቹ ከሰዋቸው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ታቢታ ከባለቤታቸው ከእትዬ እህተማርያም ጎን ተቀምጣ ነበር። ዳኛው ረጋ ብለው አስረዱ።

«አባት፣ ከስሬያለሁ ብለው ያለዎትን ሁሉ ካሳዩ፣ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን ለአበዳሪዎች በየድርሻቸው ያካፍላል። ማንም ለብቻው መጥቶ አይጎትትዎትም። ከደበቁ ግን ወንጀል ነው። ከስረዋል?»

ጋሽ ወልደጻድቅ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ንግድ አንዳንዴ ቀዝቀዝ ይላል።»

«ከስረዋል ወይስ አልከሰሩም?»

«ቡናማ ተመልሶ ይመጣል የሚል ተስፋ አለኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። እትዬ እህተማርያም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ታቢታ ያን ጊዜ ገባት፤ ዕድሜ ልካቸውን እንደ ከረሜላ ሲያድሉት የኖሩት ቃል፣ እውነት ሲሆን ከአፋቸው አልወጣ ብሏል። ሳታስበው ብድግ አለች።

«ጋሼ! በሞቴ፣ ለእኔ የሚሉኝን ይበሏቸው!»

«ሴትዮ፣ ተቀመጪ!» ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ግን ዞረው አይተዋት ነበር። «ከስሬ...» አሉ። «ከስሬ ነው ጌታዬ።» ፊታቸውን አላጠቆሩም። ማንም አልሳቀም።

አንዴ ከተከፈቱ በኋላ ደግሞ የሚዘጋቸው ጠፋ። እዚያው ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው አስረከቡ። በማግስቱ ጃንጥላቸውን፣ በሳልስቱ ዶሮ በብብታቸው ይዘው፣ ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ አድርጎ ወደ ሾመው ወደ አቶ ደምሴ ሄዱ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዶሮዋን ሕግ አይፈልጋትም!»

«እንቁላል ትጥላለች እኮ ልጄ። ትመዝገብ።»

ያለ ፈቃድ ከከተማ እንዳይወጡ ስለታዘዙ፣ ቡሹሎ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ማመልከቻ ይዘው ቀረቡ። አቶ ደምሴ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ቡሹሎ እኮ እዚሁ ነው! ይሂዱ፤ ለእኔም ያልቅሱልኝ።»

ሱቁ ተሸጠ። አበዳሪዎቹ የደረሳቸውን ተካፈሉ፤ አሻጥር ያለውም ዝም አለ። ጋሽ ወልደጻድቅ ቤታቸው አደሩ፤ በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላም በመናኸሪያው አጥር ሥር ክርና ቁልፍ በትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀመጡ።

ታቢታ ሮጣ ሄደች። «ይሄ ክር ስንት ነው ጋሼ?»

«ሃምሳ ሳንቲም።»

«በአርባስ?»

«ውሰጂው።»

ሌላ ምንም አላሉም። ክሩን ይዛ ስትመለስ የሰው ዕቃ ሰርቃ የወጣች መሰላት። በሳምንቱም ሄደች፤ ያው ነው፣ «ውሰጂው» ብቻ። ቃሉን ፍርድ ቤት አስረክበውት ቀርተዋል።

በማግስቱ ተመልሳ ጠረጴዛው ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች። «ይሄን ክር እዚያ ማዶ በሠላሳ ይሰጡኛል!» ስትል ዋሸች።

ጋሽ ወልደጻድቅ ቀና አሉ። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

«በሠላሳ? ማነው በሠላሳ የሚሰጥሽ? የሰረቀ ነው! ልጆቼን በትኚያ!»

«እሺ ሠላሳ አምስት።»

«አርባ አምስት። እሱንም ከስሬ ነው፤ ለሰው እንዳትናገሪ።»

ታቢታ አርባ አምስት ሳንቲሙን ከፈለች። ትናንት በአርባ የገዛችው ያንኑ ክር ነበር። ያን ቀን እንዳተረፈችው ግን አትርፋ ቤቷ ገብታ አታውቅም።