ወገባችንን የፈታው ልጓም

ያ ነገር በጠቅላላው ያስከፈለኝ አንድ ባለመዳብ ልጓም፣ ሦስት ቀበቶና ጎፋ ድረስ የተሰማ ሳቅ ነው። ልጓም ከበቅሎ ይልቅ ለሰው ያስፈልጋል የምላችሁም ለዚህ ነው። በቅሎ ቢያንስ ስብሰባ ላይ እጇን አታወጣም... እኔ ግን አወጣሁ።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። ሱቄ የቀበሌ ቤት ስለሆነች ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» ለማለት የሚቀድመኝ አልነበረም። አንድ እሑድ «ባለጌጥ ልጓም የፊውዳል ርዝራዥ ነው» ብለው ሲናገሩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አውጥቼ «እኔ ዘንድ አንድም የለም» አልኩ።

ነበረኝ። ከአንድ ባላባት ቤት የወጣ፣ ዓይን የሚስብ ልጓም። የዚያኑ ዕለት ብረቱንና መዳቡን ነቅዬ ደበቅሁ፤ ቆዳውን ሦስት ቀበቶ አደረግሁት። አንዱን ለጎረቤቴ ለሥጋ ነጋዴው አበራ፣ አንዱን ለቀበሌው ዘበኛ ሸጥኩ፤ ሦስተኛውን ራሴ ታጠቅሁ።

ወር ሳይሞላ ጓድ ታደሰ ሱቄ መጡ። በስብሰባ «ጓድ ተሰማ» የሚሉኝ ሰው «ተሴ» አሉኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

«ልጄ ከፉሪ ሊያገባ ነው» አሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«የልጅቱ አባት፣ ልጄ ባለጌጥ ልጓም በተለጎመች በቅሎ ካልሄደች ከቤቴ አትወጣም ብለዋል። ልጓሙን አምጣው።»

«ኧረ እኔ ዘንድ...»

«ያን ዕለት ሳትጠየቅ የለኝም ስትል ነው እንዳለህ ያወቅሁት። ይልቅ የሱቅህ ውል የሚታደሰው መቼ ነው?»

«አለኝ» አልኩ።

ከዘበኛው ቀበቶውን በልመና አስፈታሁ። አበራ ግን ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ሱሪዬንስ ምን ሊይዘው ነው?»

«ሲባጎ እሰጥሃለሁ።»

«ሰርግ በሲባጎ?»

«ኮት ልበስበት።»

ቆዳውን መልሼ ሰፋሁት፣ መዳቡን ወለወልኩት። በሰርጉ ቀን ፉሪ ስንደርስ በቅሎዋ ከሙሽራው በላይ አምሮባት ነበር። እኛ ሦስታችን ደግሞ ሲባጎው እንዳይበጠስ በአንድ እጅ ሱሪ ይዘን በአንድ እጅ እናጨበጭባለን... በአንድ እጅ ማጨብጨብ እስቲ ሞክሩት።

የሙሽራዋ አባት ልጓሙን ሲዳብሱ እጃቸው ድንገት ቆመ።

«እነዚህ ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?»

ጓድ ታደሰ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። አፉ ልጓም የማያውቀው አበራ ቀደመ።

«የሆዴ ልክ ናቸው፣ አባባ። ሁለተኛዋ ለጾም ነች፣ አምስተኛዋ ለፋሲካ።» ኮቱንም ገለጥ አድርጎ ሲባጎውን አሳያቸው።

ሽማግሌው የአበራን ወገብ አዩ፣ የዘበኛውን አዩ፣ የእኔንም አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ግቢው በሙሉ ተከተላቸው።

«ለልጄ ክብር ቀበቶውን የፈታ አገር አይቼ አላውቅም» አሉ። «ትሂድ። ልጓሙ ግን ለማስታወሻ እኔ ዘንድ ይመለሳል።»

«ምን ገዶን» አሉ ጓድ ታደሰ፣ በእኔ ልጓም።

ውሌ ታደሰ። ለአበራና ለዘበኛው አዲስ ቀበቶ በነጻ ሰጠሁ፤ ለእኔ የሚሆን ቆዳ አልተረፈም።

ሒሳቡ ይኸው፦ ሱቅ አለ፣ ልጓም የለም፣ ሱሪዬ በሲባጎ ነው።