ስም የማይጻፍበት ጥናት

ሰው ስለ ሰው ለመጠየቅ ፈቃድ ያስፈልገዋል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛ ሰፈር ማን አግብቶ ማን እንደፈታ ለማወቅ ማንን አስፈቅደን እናውቃለን? ዩኒቨርሲቲ ግን ጥናት የሚፈቅድ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴውም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ጥያቄው ተራ፣ መላሹ አዋቂ ከሆነ፣ ማንነቱ ካልተመዘገበና መልሱ ጣጣ ካላመጣበት «ይሄስ ከሙሉ ምርመራ ነፃ ነው» ብሎ ያሳልፋል።

ይህን ያወቅሁት ሞባይል እንደ ዛሬ በየኪሱ ሳይገባ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለአንዲት ተማሪ አስተርጓሚ ሆኜ ነው። ልጅቱ ከኻርቱም የመጣች፣ ሰው አክባሪ ነበረች፤ የምታጠናው የሻይ ሻጮችን የሥራ ውሎ ነው። ጥናቷ ነፃ ተብሎላታል። እኔንም የማንንም ስም እንዳላወጣ ቃል አስገባችኝ።

ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ወደሚሸጡ አንዲት የአርማጭሆ ሴት ወሰድኳት። እትዬ እንበላቸው። በዚያ መናኸሪያ በዶካ በኩል ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄድ ሰው ሁሉ ስም ይሸከማል፤ «መተማ ስትደርስ እገሊት ደህና ናት በልልኝ» ይባላል፤ ከዚያ ሰው ለሰው እየተቀባበለው አገር ቤት ይገባል። እትዬም ልጅቱ መልእክተኛ መሰለቻቸው። ገና ሳንጀምር ስማቸውን እስከ አያታቸው ቆጠሩ።

«ጻፊው በላት፣ ልጄ» አሉኝ። «ስንሸሽ መንገድ ላይ የጠፋኝ ወንድሜ ስሜን ከሰማ ይመጣል።»

ተረጎምኩ። ልጅቱ ብዕሯን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ስም ከጻፈች ነፃ መባሉ ይቀራል፤ ጥናቱም ወደ ኮሚቴው ተመልሶ ለወራት ይታያል።

«ወራት?» እትዬ ሲስቁ ፍንጭታቸው ታየ። «እኔ እኮ ስንት ክረምት ጠበቅሁ! ትጠብቃ!»

አልጠበቀችም፤ መመረቂያዋ ደርሶ ነበር። ወደ ጥያቄዋ ገባች፤ ያው ማንንም አይጎዳም የተባለው ተራ ጥያቄ ነው። «ከዚህ በፊት የት ይኖሩ ነበር?» እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይዘው ቀሩ። ልጅቱም አብራ አለቀሰች። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አገሬ ውል አለችብኝ።

ልጅቱ ተመርቃለች አሉ። እኔም ቃሌን እንደጠበቅሁ አለሁ፤ የእትዬን ስም ከእኔ አፍ አትሰሙም። ብቻ በመተማ በኩል ካለፋችሁ፣ እህት የጠፋችበት የአርማጭሆ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገዳሪፍ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች፣ ፍንጭቷም እንዳለ ነው በሉልኝ። ስሟን እሱ ያውቀዋል።