ቁጥር ሠላሳ አንድ ዋስ ሊሆን ሲመጣ

ሌላው ሰው ሕልሙን ሌሊት ያያል። ይበልጣል የሚባለው የኛ ተማሪ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ክፍል ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሊያቀርብ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ካለፈ ይመረቃል፤ ከተመረቀ ፖሊስ ምርመራ ክፍል ይገባል፤ ይህንንም ለእናቱም ለሰፈሩም አውርቶ ጨርሷል። ከወደቀ ደግሞ፣ እሱን አያምጣው።

ያስጨነቀው መጠይቁ ነው። ጥናቱ «ከእስር የወጣ ሰው ለምን ተመልሶ ይገባል?» የሚል ስለሆነ ስልሳ ታራሚዎችን እየጠየቀ ማስሞላት ነበረበት። አንድ ቀን ማረሚያ ቤቱ በር ድረስ ሄደ። ዘበኛው «ነገ ና» አለው። በነጋታው ሄደ እንዳትሉኝ፤ ምን በወጣው። ዶርሙን ዘግቶ፣ አንዴ በሰማያዊ አንዴ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ስልሳውንም ራሱ ሞላው። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርስ ስለሰለቸው ለሰውየው ሰባት ልጅ ሰጠው። ይህን ጉድ በሆዱ ይዞ ነው እንግዲህ እንቅልፍ ያሸነፈው።

በሕልሙ እዚያው ማረሚያ ቤት በር ላይ ቆሟል። ዘበኞቹ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ታራሚዎቹ ክራቫት አስረው ከውጭ ይጠብቋቸዋል። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ደግሞ ሌቦች ለመታሰር ተሰልፈው «ወረፋዬን ቀደምከኝ» እየተባባሉ ይነታረካሉ። አንድ ረጅም ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው። ከኋላው ሰባት ልጆች ተከትለውታል፤ ሰባቱም በቁመት እኩል ናቸው።

«ይበልጣል የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ። እርስዎን ግን አላወቅኩዎትም።»

«በየት ታውቀኛለህ፣ መቼ ጠየቅከኝ? ቁጥር ሠላሳ አንድ ነኝ። እነዚህ የሰጠኸኝ ልጆች ናቸው።» ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ ግን ‹ያላገባ› ብለኸኛል። ሰፈር ውስጥ ምን ብዬ ላስረዳ?»

ይበልጣል የሚገባበት ጠፋው። በቃ እጄን ልስጥና ይለይልኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ገና «ወንጀል ሠርቻለሁ» ሲል ተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀ። «ምንም አላየሁም ጌታዬ፣ የልጆች አባት ነኝ» እያለ በጣቱ ወደ መስኮቱ ጠቆመው። መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገ ኪስ አውላቂ ማመልከቻ ይቀበላል።

«መታሰር ፈልጌ ነበር» አለ ይበልጣል።

«የሥራ ልምድ?»

«ስልሳ መጠይቅ በሐሰት ሞልቻለሁ።»

«እሱ ልምምድ ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለት ዓመት የሠራ ነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ክብ ማህተም ያረፈበት፣ ከሦስት ጉርድ ፎቶ ጋር። አዲስ ተመራቂ አንቀበልም።»

«ሳትቀበሉኝ ልምዱን ከየት ላምጣ?»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» ብሎ መስኮቱን ከረቸመው።

መስኮቱ ሲዘጋ ይበልጣል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጥቁር ካባ የለበሱ ሦስት ቁልፍ ሰባሪዎች ጽሑፉን ከኋላ ወደ ፊት እየገለጡ ያነቡታል። ሰብሳቢው ጋሽ ድንበሩ ይባላሉ፤ አርባ ዓመት የሰው በር የከፈቱ ናቸው።

«ልጄ፣ ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ ስልሳውም ሰው ‹በጣም እስማማለሁ› ብሏል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ከሌባ ጋር ኖርኩ። ሁለት ሌቦች በአንድ ነገር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። አንዱን እንኳ ‹በፍጹም አልስማማም› ብታሰኘው ምን ነበረበት?»

በቀኝ የተቀመጠው ፈታኝ እንባውን ጠረገ። «ሙያውን ነው ያዋረደው» አለ።

ጋሽ ድንበሩ ተነስተው ፍርዱን አነበቡ። «በሰነፍ እጅ በተፈጸመ ማጭበርበር ጥፋተኛ ሆነሃል። ዲግሪህን ይዘህ፣ እናትህ ቤት ሶፋ ላይ፣ አሥር ዓመት በነፃነት እንድትቀመጥ ተፈርዶብሃል።»

እናቱ ለቡና ጠጪው ሁሉ «ልጄ ሊገባ ነው» ስትል ታየችው። ይበልጣል «እባካችሁ እሰሩኝ» ብሎ ለመነ። ከኋላ ወንበር ቁጥር ሠላሳ አንድ ብድግ አለ።

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ። ይታሰርልኝ።»

«ስምህ ማነው?» አሉት ጋሽ ድንበሩ።

ሰውየው ወደ ይበልጣል ዞረ። «ስሜ ማነው?»

ይበልጣል አሰበ፣ አሰበ። መጠይቁ ከላይ «ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም» ይል ነበር፤ እሱም አልጻፈም። እንዲህ ያለ እፍረት አፍሮ አያውቅም። ሰውየው መልሱን ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሁሉንም አውጥቶ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሰባቱ ልጆች በአንድ ላይ አለቀሱ።

«ተነስ እንጂ አንተ፣ ተጠራህ እኮ» አሉት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እየወዘወዙት።

ላብ አጥምቆት ገባ። አማካሪው ዶክተር ሽመክት ከሁለት ፈታኞች ጋር ተቀምጠዋል። የመጣው ይምጣ ብሎ ቆርጧል።

«ዶክተር፣ ከመጀመሬ በፊት ስለ መጠይቁ የምናዘዘው ነገር አለኝ።»

«እሱን ተወውና ተቀመጥ። እኛም ስለ መጠይቅ ነው የተቸገርነው። ጓደኞችህ ዶርም ተኝተው ራሳቸው እየሞሉ ነው ያመጡልን፤ የትኞቹ እንደሆኑ መለየት ግን አቃተን። ያንተ ንጹህ ነው ብለን ሦስታችንም ተስማምተናል፤ አልፈሃል። አሁን ና እስቲ አግዘን።» ክምር ወረቀት ገፉለት።

ይበልጣል ወረቀቱን አየ፣ ዶክተሩን አየ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የአሥራ አንድ ጓደኞቹን ለይቶ በግራ በኩል ደረደራቸው።

ዶክተር ሽመክት መነጽራቸውን አወለቁ። «እኛን ያቃተን እኮ ነው። እንዴት አወቅክ?»

«ያስተማራችሁን ነው፣ ዶክተር» አለ ይበልጣል።