የቁንጭር ካባ

መቼም ሰው ወደማያውቀው ቤት ሲሄድ ለበስ ብሎ ነው። ልጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ የተላከ ጋቢውን ያሳጥባል፤ ለአቤቱታ ወረዳ የሚሄድ ከጎረቤት ኮት ይዋሳል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትሸሽጉኝ። በዓይን የማይታይ ተውሳክ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ግን ማን ጠርጥሮ?

እኔ ይህን የሰማሁት ቡሬ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሄድኩት ከእህቴ ልጅ ከዘውድነሽ ጋር ነው። ማንኩሳ ነው የምትኖረው። ጉንጯ ላይ ቁንጭር የሚሉት የማይድን የቆዳ ቁስል ወጥቶባት፣ መንደሩ «የሌሊት ወፍ ነክቷት ነው» እያለ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ሲቀባት፣ ቁስሉ ቀስ እያለ ወደ ከንፈሯ ጥግ ወረደ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስጄ አሳየኋት፤ መድኃኒቱ መርፌ ነው፣ እሱ ግን የለም ተባልን። ደግመን ሄድን። የለም። በመሐል ተመራማሪዎች መጥተው ከቁስሏ ጫፍ ናሙና ፍቀው፣ ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ። እሷም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገበያ መውጣት ለመደች፤ ገና ለግላጋ ልጅ እኮ ናት።

ኋላ «የጥናቱን ውጤት እናሳውቃችሁ» ብለው ጠሩን። አስረጂው መነጽር ያደረገ ትሑት ወጣት ነው፤ እሱስ አይወቀስም።

«ተውሳኩ ላዩን የስኳር ካባ ደርቦ ነው ሰውነታችን ውስጥ የሚገባው» አለ። «ካባው ከሰውነታችን ዘቦች ይሸሽገዋል። የስኳሩ ዓይነት ሲለያይ የቁስሉ ክፋትም የሚለያይ ይመስለናል።»

እውነቴን ነው፣ ተደነቅሁ። ምን ያደርጋል፣ ወዲያው የዘውድነሽ ፎቶ ግድግዳው ላይ በራ። ለክብሯ ሲባል ዓይኗን በጥቁር ሸፍነውታል፤ ቁስሉ ግን በር አክሎ ተዘርግቷል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ጉንጯን ስትደብቅ ከርማ፣ እነሱ ዓይኗን ደብቀው ጉንጯን ለወረዳው ሁሉ አሳዩት። ደሜ ፈላ። የተውሳኩን ልብስ እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቅ አገር፣ ባለቁስሏ ከነጠላዋ ሥር እንዴት እንደከረመች አንድ ቀን አልጠየቃትም።

ልናገር ስነሣ ዘውድነሽ ቀደመችኝ። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

«ያች እኔ ነኝ» አለች። «የልብሱን ነገራችሁን፣ እግዜር ይስጥልን። መርፌውሳ መቼ ነው የሚመጣ?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ከፊት ወንበር አንድ ኃላፊ ስልኩን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ መርፌው ፍኖተ ሰላም ተገኘ።

አሁን ቁስሉ እየደረቀ ነው፤ ከንፈሯም ተርፏል። ደስ ሊለኝ በተገባ፣ እኔን ግን ንዴቱ ባሰብኝ። በአንድ ስልክ የሚገኝ መርፌ እስከዚያ የት ተኝቶ ነበር? ከእኛ ጋር ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት እስከ ዛሬ «የለም» እየተባሉ ይመለሳሉ።

በቀደም አንዲት እናት አፍንጫው ላይ የወጣበትን ልጇን ይዛ «የት ብወስደው ይሻለኛል?» ብትለኝ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ማለት አሳፈረኝ።

«ስብሰባ ያለበትን አጠያይቂ» አልኳት።