የሚተነፍሰው መኪና

መኪና ትንፋሽ ያጥረዋል የሚል ጎረምሳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ። ልጄ ሰይድ ከሳውዲ ተመልሶ መኪና ገዛና የሞተሩን አየር ማስገቢያ በሰፊ ቱቦ ቀየረው።

"አብሽሪ እማ፣ አሁን ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል!"

"የእኔንስ ትንፋሽ ማን ይመልስልኝ?"

መኪናው ሲያገሳ የመካነ ሰላም በቅሎ ሁሉ ገመዱን በጥሶ አጅባር ገባ ብል ታምኑኛላችሁ?

ለምኜ የድሮውን አስመለስኩት። በማግስቱ ወረኢሉ ሄዶ አመሸ። ደጅ ቆሜ ባዳምጥ ምንም ድምፅ የለም። አባቱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሹፌር ነበር። የጭነት መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ከሩቅ እሰማና "አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰ" ብዬ እራቱን አቀርብ ነበር።

የሰይድ መኪና ኮሽ ሳይል አጠገቤ ደረሰ።

"ምነው እማ፣ በብርድ?"

"ቱቦህን መልሰህ ግጠመው" አልኩት። "ዳገቱ ላይ ስትደርስ ልስማህ። ለበቅሎዎቹ ጠንካራ ገመድ እገዛለሁ።"