ሙሽራ ይዛ የቆመች መኪና

እኔ የምለው፣ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ጫማዋን አውልቃ መኪና ስትደበድብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም መካኒኩ እኔ ሆኜ!

ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ጋራዥ የተጠጋሁ ሰሞን ነው። ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩኝ። ከአየር ማረፊያ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለቻቸው። አጠገቧ ላዳ ሲቆም ላዳው አውቶቡስ ይመስላል። ምን ዋጋ አለው? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቀጥ ትላለች፤ እሳቸውም እያስገፉ ይመጣሉ።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ግንባሬን ቋጥሬ «ካርቡሬተር ነው ጋሼ» እላለሁ። ፈትቼ፣ አጥቤ እገጥማለሁ። የመፍቻ ሳጥኔን ከመቀመጫው ጀርባ ወርውሬ ቁልፉን ሳዞር፣ እሷ ሆዬ ትነሳለች! ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኝ ጀመር።

ልጃቸው ሄለን ልታገባ ሆነ። «በዚህችው መኪና ከፀጉር ቤት ቤቷ የምታደርስልኝ አንተ ነህ። ሙሽራው ስድስት ሰዓት ይደርሳል» አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ መኪናዋ ብትቆም ዶክተርነቴ እዚያው ተቀበረ።

ቆመች። ወደ ቦሌ ስንታጠፍ፣ ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ።

ኮፈን ከፈትኩ። መፍቻ ከማንሳቴ ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆነ። የሙሽራው አጀብ! ቪዲዮ አንሺው እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቷል። ሄለን ፊቷን ሸፍና ጎንበስ አለች። አንዱ ሚዜ እያለፈ «አይዞህ ወንድሜ፣ ግፋት!» አለኝ፤ ሙሽራዋን ሊወስዱ ወደ ቤቷ ከነፉ።

«ፓምፑን መታኸው?» አለችኝ ሄለን ቀና ብላ።

«የቱን ፓምፕ?»

«አንተ ዶክተር አይደለህ እንዴ?»

ጫማዋን አወለቀች። ዞር ብላ ከመቀመጫው ጀርባ፣ እኔ ሳጥኔን የምወረውርበት ቦታ ላይ፣ ጓ! ጓ! ጓ! ከሥር ቴክ ቴክ ቴክ የሚል ድምፅ መጣ። ለካ የቤንዚኑ ፓምፕ ተኝቶ ኖሯል። ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ መኪናዋን ያዳነው ሳጥኔ ነው!

መኪናዋን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሳበር ሄለን ነገረችኝ። «አባዬ ዕድሜውን አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ፓምፑን መምታት ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ያመጣቸዋል?»

«ቤት ውስጥ ስለ መኪና ሲያወራ ሁላችንም እንተኛለን። አንተ ትሰማዋለህ።»

ስንደርስ ዘመዶቿ በሩን ዘግተው «አናስገባም!» እያሉ ነው። በሌላ ሠርግ ጨዋታ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ከልባቸው ነበር፣ ሙሽራዋ ቤት የለችማ! በጓሮ አስገባኋት።

በሳምንቱ ጋሼ እያስገፉ መጡ። እውነቱን ልናገር ለራሴ ምያለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ቀና ስል፣ ዱካ ስበው ተቀምጠው፣ እግራቸውን አጣምረው ለወሬ ተመቻችተዋል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ካርቡሬተር ነው ጋሼ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ።