ከወንበር ጀርባ የቆሙት ጠቅላይ አማካሪ

ኮምፒውተር ባለበት ቤት ሁሉ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ማውሱንም ጨብጦ አያውቅም። ግን የተቀመጠው ሰው አሁን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ትናንት ምን ማድረግ እንዳልነበረበት፣ ነገ ደግሞ ምን አድርጎ እንደሚጸጸት ጠንቅቆ ያውቃል። በዓለም ላይ የወደቁ መንግሥታት በሙሉ የወደቁት እሱን ባለመስማታቸው ነው። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል።

አንድ መነጽር ቤትም የራሱ ነበረው። የተሰበረ ፍሬም የሚጠግኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሁለት መነጽር በአንድ ጊዜ የሚያደርጉ ሰውዬ ናቸው፤ አንዱን አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ። ሌንስ የምትቆርጠው ልጅ በአፏ "ጋሼ" ትላቸዋለች። በሆዷ ግን ከፍ ያለ ማዕረግ ሰጥታቸዋለች፦ ክቡር ጠቅላይ አማካሪ።

ሹመቱ የጸናው በምሳ ሰዓት ነው። ሱቁ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ልጅቷም በአንድ እጇ ዳቦዋን ይዛ በሌላው በሱቁ ኮምፒውተር ላይ መንግሥት ታቀናለች። ጨዋታው እንዲህ ነው። ዓለም በሙሉ በጉም ተሸፍኖ፣ አንቺ መሃሉ ላይ ከጥቂት ሰዎችና ከአንድ መጥረቢያ ጋር ትወረወሪያለሽ። ከተማ ትቆረቁሪያለሽ፣ መንገድ ታወጪያለሽ፣ መርከብ ትሠሪያለሽ። የፈለግሽውን አድርገሽ ስትበቂ "ተራ ጨርስ" የሚለውን ትጫኛለሽ። ከዚያ በኋላ ሩቅ ያለው ተጋጣሚሽ ተራውን እስኪጫወት መጠበቅ ነው። የእሷ ተጋጣሚ በቀን አንድ ተራ ብቻ ይጫወታል፤ እሷም እንደዚያው። የአንዱ ዋና ከተማ በወደቀ ቀን ጨዋታው ያበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሙ ተገፎ ወንዝ ሲወጣ፣ ልጅቷ ዳቦዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀርታ ነበር። ማንም አይቶት የማያውቅ ወንዝ! ገና ስም እንኳ የለውም! በዚያች ቅጽበት ነው ከጆሮዋ ሥር ያ ድምፅ የተሰማው።

"ወንዙን ተጠጊ እንጂ! ኮረብታ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ከተማ እንደ መነጽር ነው። አቀማመጡ ካልተስተካከለ ሌንሱ ምን ቢጠራ ዋጋ የለውም።"

"ጋሼ፣ ይሄን ጨዋታ ያውቁታል እንዴ?"

"አሁን እያየሁት አይደል?"

ወንዙን ተጠጋች። ከተማይቱም አደገች። የክቡርነታቸው ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ከሦስት ምክራቸው አንዱ ትክክል ይሆናል። ሦስቱም ስህተት ቢሆኑ ኖሮ ሰው በሰላም ምሳውን ይበላ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመንግሥቱ ሕግ ወጣ። "መጀመሪያ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ወታደር በመጨረሻ!" ይላሉ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ሕጉ የማይሻር ነው፤ ሲርባቸው ብቻ ይሻራል። የራባቸው ቀን ሠራተኛም መንገድም ይቀርና "ወታደር! ወታደር አውጪ!" ብቻ ይሆናል። ልጅቷ ይህን ከደረሰችበት በኋላ ዳቦዋን ከሁለት ትከፍልና ግማሹን አስቀድማ ትሰጣቸዋለች። ብዙ ጦርነት በግማሽ ዳቦ ቀርቷል።

ሁለተኛው ንግግራቸው "ነግሬሽ ነበር" ነው። አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ተራ የፈጀ ትልቅ ግንብ ስታሠራ በየቀኑ ሲያማርሩ ሰነበቱ። "አጥር የሌለው ቤት ጣሪያ ላይ አበባ እየተከልሽ ነው" አሏት። ግንቡ ሲያልቅ ሙዚቃ ተሰማ፣ የከተማው ሕዝብም በደስታ ጨፈረ። ክቡርነታቸው ግንባራቸው ላይ የነበረውን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱና ረጋ ብለው አዩት።

"ነግሬሽ ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"እንደሚያምር ነዋ።"

ደንበኛም ከዚህ መንግሥት አላመለጠም። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አዲስ መነጽራቸውን ሊወስዱ በምሳ ሰዓት የተዘጋውን በር ቢያንኳኩ፣ ክቡርነታቸው የፊደል ሰንጠረዡን ትተው ወደ ስክሪኑ አዞሯቸው። "ያቺ መርከብ ትታይዎታለች?"

"ትታየኛለች።"

"ስንት ሰው ጭናለች?"

"አራት" አሉ መምህርቷ፤ ጠጋ ብለውም "አንዱ ግን ወታደር አይመስልም" አሉ። መነጽሩ ልክ ነው ተብሎ ተሸኙ።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር፤ ጣታቸው ባይኖር። በመነጽር ቤት የጣት አሻራ ትልቁ ኃጢአት ነው። ክቡርነታቸው ራሳቸው ሌንስ ሲይዙ ጠርዝ ጠርዙን ነው፤ ክንፏ እንዳይረግፍ እንደሚፈራላት ቢራቢሮ። ለእሳቸው ግን ስክሪን ከመስታወት አይቆጠርም። እርሳስ ብትሰጣቸው ጆሮአቸው ላይ ሰኩትና በጣታቸው ማመልከት ቀጠሉ።

"ጋሼ፣ ጣትዎን!"

"ጣቴ ምን ሆነ?"

"ስክሪኑ ላይ ነው ያለው።"

"ታዲያ የት ይሁን? ጠላት ያለው እዚያ!"

ማታ ማታ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ሌንስ በምትወለውልበት ጨርቅ ግዛቷን በሙሉ ትወለውላለች። ሰሜኑን፣ ደቡቡን፣ ባሕሩን።

አሁን ስለ ጠላት እንናገር። ክቡርነታቸው "ቀዩ" ይሉታል፣ ሠራዊቱ ቀይ ስለሆነ። ማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም፤ ለእሳቸው ጠላት ጠላት ነው። ልጅቷም አልነገረቻቸውም። ቀዩ እህቷ ናት።

ሁለቱ እህትማማቾች ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። እናታቸው ስታርፍ አንዲት የስፌት መኪና ቀረች። እህቷ መስፋት ስለምትችል "የኔ ናት" አለች፤ ልጅቷ ደግሞ እናቷን ያስታመመች እሷ ስለሆነች "የኔ ናት" አለች። ከዚያ በኋላ የተባለው ባይባል ይሻል ነበር። መኪናዋ ዛሬ ልጅቷ ክፍል ውስጥ አንሶላ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ መርፌዋን እንኳ መቀየር አታውቅም።

ከስድስት ወር በፊት ግን አንድ ቀን፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ የጨዋታ ግብዣ መጣላት። ልጆች ሳሉ አንድ ወንበር ላይ ተጋፍተው የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ መቶ ስድሳ ያህል ተራ ተጫውተዋል። ከተራው ጋር መልእክት የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን ከስክሪኑ ግርጌ አለች፤ ሁለቱም አንድ ፊደል ጽፈውባት አያውቁም። ቢሆንም ልጅቷ በየምሳ ሰዓቱ ቀዩ መንቀሳቀሱን ስታይ ታውቃለች፦ እህቴ ተነስታለች፣ ደህና ናት፣ ትናንት ሦስት መንጋ በግ አሰማርታለች። በበግ መንጋ የሰው ጤንነት ይታወቃል! ይህ ነገር በየቀኑ አዲስ ይሆንባታል።

ስለዚህ ልታሸንፍ አትፈልግም። መሸነፍም አትፈልግም። ጨዋታው ካለቀ ስክሪኑ ነጥብ ያሳይና ይጠፋል፤ ከእሷና ከእህቷ መሃል ያለው ክርም አብሮት።

ክቡርነታቸው ይህን ከየት ያውቃሉ? እሳቸው የሚያዩት የቀዩን ዋና ከተማ አንድ ቀስተኛ ብቻ ሲጠብቃት ነው።

"ግቢ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

"መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጋሼ።"

"ሠራተኛ አለሽ፣ አስጠርጊው!"

"ሠራተኞቹ ደክሟቸዋል።"

"ደክሟቸዋል!" ዞር ብለው ፍሬሞቹን ለምስክርነት ጠሩ። "አንቺ ንግሥት ነሽ ወይስ ሞግዚት?"

ሠራዊቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰሜን ያለውን ሐይቅ ሲዞር ከረመ። "ሽርሽር ወጥተው ነው?" ይላሉ በየቀኑ። ተስፋ ሲቆርጡ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሻገራሉ። "እሺ፣ አትግቢ። ግን ወደብሽን ጠብቂ! እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ አንድ መርከብ አቁሚ!" እዚህ ጋ ባሉ ቁጥር ጣታቸው ባሕሩን ታሻለች።

አንድ ማክሰኞ ዳቦው ማር ተቀብቶ ነበር።

ያን ቀን ማታ ልጅቷ ቸኩላ ስለነበር ስክሪኑን ሳትወለውል ወጣች። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ባሕሩን ብታይ ከወደቡ አጠገብ ክብ፣ ግራጫ ጉም አለ። "እዚህ ጋ ገና አልተቃኘም" አለች ለራሷና አለፈችው። ተራ ጨርስ። ሐሙስ ስትከፍተው ወደቡ ቀይ ሆኗል።

የቀዩ መርከቦች ከየት መጡ? ጉሙን ትኩር ብላ አየችው። በጨርቅ ነካችው። ጉሙ ለቀቀ።

"ጋሼ! ጉሙ የእርስዎ ጣት ነው!"

ክቡርነታቸው ጎንበስ አሉ፤ በአንዱ መነጽር አዩ፣ በሌላው አዩ፣ በሁለቱም ደርበው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሰው በዚህ ሰዓት ሊናገረው የማይገባውን ነገር ተናገሩ።

"ወደቡን ጠብቂ ብዬ ነግሬሽ ነበር።"

"ከጀርባዬ አይቁሙብኝ!" ብላ ጮኸች። "ጨዋታ ብቻ መሰልዎት? እህቴ ናት እኮ! ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። ያለችን ይቺ ጨዋታ ብቻ ናት። ሠራዊቴ ሐይቅ ዳር ነው፣ ከወደቡ እስከ ዋና ከተማዬ ሦስት እርምጃ ነው፤ እሱ ከወደቀ ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ . . ."

አልጨረሰችውም። ክቡርነታቸው እርሳሱን ከጆሮአቸው አወረዱ፣ ጠረጴዛዋ ላይ በቀስታ አስቀመጡና ወደ ሥራ ቦታቸው ሄዱ። ልጅቷ ምንም ሳትነካ "ተራ ጨርስ" አለች። ምን ልትነካ ትችላለች? ሠራዊቷ ለመመለስ አምስት ተራ ይፈጅበታል።

ዓርብ ክቡርነታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በሉ። ልጅቷም ስክሪኑን እንደጠፋ ተወችው። ይህ ሁሉ ጸጥታ እዚህ ሱቅ ውስጥ እንደነበረ አታውቅም ነበር። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፣ ብሎን ሲጠብቅ ይሰማል። "ክፈቺው እንጂ" የሚል ሰው የለም። ዳቦዋን ከሁለት ከፈለች፤ ግማሹ እጇ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከፈተችው። ዋና ከተማዋ አልወደቀም። መርከቦቹ የሉም። ፈለገቻቸው፤ ወደ ቀዩ አገር ግማሽ መንገድ ተመልሰው፣ ሸራቸውን አውርደው ቆመዋል።

"ጋሼ" አለች ሳትዞር።

"አቤት።"

"እስቲ ይቺን ይዩልኝ።"

መጡ። እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ነው የመጡት፤ እስረኛ ይመስላሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

"መርከቦቹ ዞረዋል።"

"አዎ።"

"መጨረስ ትችል ነበር፣ ቀይዋ።"

"ትችል ነበር።"

"አንቺም ሦስት ሳምንት ሐይቅ ስትዞሪ ነበር።" ቀጥለው አንዲት ጣት ከኋላቸው አወጡና፣ ስክሪኑን ሳትነካ፣ ግርጌ ወዳለችው ሳጥን አመለከቱ። "ይቺ ነገር ምንድን ናት?"

"መልእክት መጻፊያ።"

"ስድስት ወር ሙሉ ባዶዋን ስትሄድ አያለሁ። የተሰበረች መስሎኝ ነበር እኮ። ብትነግሪኝ ትጠገን ነበር።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

ጠቅላይ አማካሪው በዚህ ሱቅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ "እኔ እንጃ" አሉ። ግን አላስቻላቸውም። "ብቻ . . . ወታደር በመጨረሻ።"

ልጅቷ ጻፈች፦ "ወደቤን መልሺ፣ ሌባ።"

"ይሄ ምኑ ነው ወታደር በመጨረሻ?"

"ገና አልጨረስኩም" አለችና ጨመረች፦ "የእማዬ መኪና ዘይት ሳይፈልግ አይቀርም። እኔ የት እንደሚጨመር አላውቅም።" ዓይኗን ጨፍና "ተራ ጨርስ" የሚለውን ተጫነች።

እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። ሰኞ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ልጅቷ ሁለት ሌንስ አበላሸች፤ ክቡርነታቸውም ግራውን የመነጽር እግር በቀኝ ገጠሙ። ሱቁ እንደተዘጋ ተሯሩጠው ስክሪኑ ፊት ተገኙ። ሳጥኗ ውስጥ ጽሑፍ ነበር።

"ወደቡን አልመልስም። እሁድ ግን እቤት ነኝ። መኪናዋን ይዘሽ ነይ፣ አሳይሻለሁ።"

ልጅቷ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከጀርባዋ ደግሞ ክቡርነታቸው በአንዱ መነጽር፣ ቀጥለው በሌላው አነበቡት። ከዚያ ሁለቱንም አውልቀው በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጓቸው፤ በዚህ ሱቅ ሰው የሚባረርበት ወንጀል ነው።

"ነግሬሽ ነበር" አሉ።

"ነግረውኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"ወደቡን ግን መተው የለብንም። ሦስት መርከብ ብንሠራና በዚህ በኩል . . ." ጣታቸው ተዘረጋች፤ ትዝ ሲላቸው ከስክሪኑ አንድ ስንዝር ሲቀራት አየር ላይ ቆመች።

ልጅቷ ያንን እርሳስ አላቀበለቻቸውም። ወንበሯን ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አደረገችና ለጣታቸው ቦታ ለቀቀች።

"የቱ ጋ ነው ያሉኝ?"

ጣታቸው ባሕሩ መሃል አረፈች።